ከሙሸበኩ በፊት የነበሩት ስድስት ጠዋቶች

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ናስር፣ ዛሬም ቀደምኩህ። ማሰሮው ውስጥ ያለውን አሸዋ ውኃ አጠጥቼዋለሁ፤ ኢንሱሊንህ እንደቀዘቀዘ ነው፣ አትስጋ። ደብተርህን ግን ወስጄብሃለሁ። ከኋላው ብዙ ባዶ ገጽ አለው። ትቆጣለህ፣ አውቃለሁ። «ዶክተር ጂብሪል፣ የራስህን ደብተር ግዛ አቦ!» ትለኛለህ። ዶክተር ያልከኝ እጄ ስለሚቀዘቅዝ ነው። መርፌው አያመኝም፣ እጅህ ነው የሚያመኝ ትል ነበር።

የፊተኛዎቹን ገጾች አልገልጣቸውም። ቀን፣ የጠዋት ስኳር፣ የጠዋት መርፌ፣ የማታ ስኳር፣ የማታ መርፌ። ሁሉም በእኔ ጽሑፍ ነው።

«ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሄደ» ይላሉ ስለ አንተ። ትናንት የለቅሶውን ድንኳን አፈረሱት። ፍራሽህን ማንም አልነካውም፤ እኔም ከጎኑ እንደ ድሮው ተኝቻለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

አባ ወደ ሚኤሶ አልተመለሰም። ጫት የሚጭኑለት ልጆች ይደውላሉ፣ አያነሳም። ዛሬ ሦስት ሽማግሌዎች ለቅሶ መጡ። ስለ ሕመምህ ሲጠይቁት ደብተሩን ከመስኮቱ ላይ አንስቶ ሰጣቸው።

«እዩት» አለ። «ይሄ ሦስተኛው ደብተር ነው። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ይሄ ልጅ አንድ ጠዋት አላሳለፈም።»

አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የስኳሩን የመጨረሻ ገጽ አዩት። ጣታቸው በረመዷን ቀኖች ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «ማሻአላህ፣ አጻጻፉ እንዴት ያምራል» አሉ። «ወንድም ማለት እንደ አንተ ነው፣ ልጄ።» ራሴን ዳበሱኝ።

ሽንቴ የመጣብኝ መስዬ ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ ቆየሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

አክስቴ ዑሙልኸይር የአባ ታላቅ እህት ናት፤ ከሞትክ ጀምሮ እኛ ጋ ነው የምታድረው። ዛሬ ለአባ በረንዳ ላይ ስትነግረው ሰማሁ።

«ሐኪሙ ምን አለ? ስኳሩ ከመለኪያው አልፏል አላለም? ስኳር ከየት ይመጣል? ከአፍ ነዋ!»

«ተዪ እህቴ።»

«ምን ተዪ ትለኛለህ። ማክሰኞ ሙሸበክ በላ፣ ረቡዕ አስታወከ፣ ሐሙስ ቀበርነው። እናቱ አንድ ነው የሰጠሁት ትላለች። አንድስ ለምን?»



አንድ ነው በእርግጥ። ስናፈጥር እማን ለምነሃት፣ ከሳህኑ ዳር ትንሿን መርጣ ሰጠችህ። ሽሮፑ በአገጭህ ላይ ሲወርድ በጣቷ ጠርጋ ጣቷን አላሰችህ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

እማ አክስቴ ያለችውን ሰምታለች፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ስናፈጥር ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች። ማንም ያላስተዋለ መሰላት።

እሑድ፣ መጋቢት 21። ዒድ

አዲስ ሸሚዝ አልለበስኩም። ጎረቤታችን ኩብራ ሳታስብ ሳህን ሙሉ ጣፋጭ ላከችልን። ከላይ ሙሸበክ ነበር። እማ ሳህኑን ተቀብላ «ዒድ ሙባረክ በይልኝ» ብላ ያመጣችውን ልጅ ሸኘች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሳህኑን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች እስከ ዐስር ሰላት አልተንቀሳቀሰችም።

ወስጄ ልደብቀው ብዬ ቀረብኩ።

«እጄን ቁረጠው ይሄንን» አለችኝ።

«እማ፣ እሱ አይደለም እኮ» አልኳት።

«ምን ታውቃለህ አንተ። ልጅ ነህ።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር። አባ ከመስጊድ ገባ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ትምህርት ቤት። ሒሳብ ፈተና ነበር፣ ሁለት ጥያቄ ሠርቼ ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ሲደወል ከማንም ቀድሜ በሩ ጋ ደረስኩ። አንተን ለማብላት መሮጥ እንደቀረ እግሬ አያውቅም።

የክፍሌ ልጅ ቢራቱ ከኋላዬ መጥቶ «ወዴት ነው?» አለኝ። ከዚያ ራሱ አፈረ። ቆየና «ፕሌይስቴሽን ቤት እንሂድ? እኔ እከፍላለሁ» አለ።

እዚያ ቤት ዳግመኛ አልገባም። ለምን እንደሆነ ለቢራቱ አልነገርኩትም። እሱ ግን በረመዷን ስድስት ቀን ተከታትዬ ከጎኑ እንደነበርኩ ያውቃል። «አሁን ማን ይጠብቅሃል?» ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነበር፤ እኔም «ማንም» አልኩት። እንደዚያ ማለት እንዴት ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 26። ማታ

መብራት የለም። ሻማ።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ። አንዳንዴ እጠላህ ነበር። አንተን አይደለም፤ ሰዓቱን። አሥራ ሁለት ሰዓት ጠዋት፣ ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ። ሰባተኛ ክፍል ሐረር ለጉብኝት ሲሄዱ እኔ አልሄድኩም፤ ማን ይወጋሃል? እማ መርፌው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አታነብም፣ አባ ሚኤሶ ነው። ባለፈው ዓመት ጥርሴን አንድ ወር ሲያመኝ ማንም አላወቀም። ጉንጬ ሲያብጥ እማ አየችኝና «አንተም እንዳትታመምብኝ» አለች። በክፋት አይደለም። እየለመነችኝ ነበር። ስለዚህ አልታመምኩም።

ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ናስር እንዴት ነው?» ይለኛል። ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ ስሜን አያውቁም፤ የናስር ወንድም ነኝ። እማ ከገበያ ስትገባ በሩ ላይ ሆና የምትጠይቀኝ ሦስት ነገር ነበር፦ በላ? ተወጋ? ሳቀ? ከዚያ ሌላ ጥያቄ የላትም። እኔም አንድ ቀን «ጂብሪልም ሳቀ» ማለት አምሮኝ ነበር።

አሁንም ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ደንግጬ ስለ አንተ ልመልስ እላለሁ።

ሻማው እያለቀ ነው። ልጽፍ የነበረው ይሄን አልነበረም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ነርሷ ሲስተር ባየች ለአባ ደወሉ። የስኳር ክትትሉን የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ማሰሮውንና እርጥቡን አሸዋ ያስተማሩንም እሳቸው። የተረፈ ኢንሱሊን ካለ ጂብሪል ያምጣልኝ፣ የሚያልቅባቸው ልጆች አሉ አሉ።

አባ «ነገ ውሰድላቸው» አለኝ። እሺ አልኩ።

አልወሰድኩም። ብልቃጡን ማየት አልፈልግም። አሸዋውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማርሰው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

እማ ማታ ፍራሽህ ላይ ተቀመጠችና «አንብብልኝ» አለች።

ያው እንደ ድሮው ነው። ፊደል ስለማታውቅ በየማታው የደብተሩን የዕለት መስመር አነብላት ነበር፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፣ ሲያልቅ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ዛሬ «ከሙሸበኩ ቀን ወደ ኋላ» አለችኝ።

አነበብኩ። «ማክሰኞ፣ መጋቢት 9። ጠዋት ስኳር መቶ አርባ። መርፌ ሃያ። ሰኞ፣ መጋቢት 8። ጠዋት ስኳር መቶ ሠላሳ አምስት። መርፌ ሃያ።»

«ደህና ነበር» አለች።

«እሑድ፣ መጋቢት 7...»

«ደህና ነበር ልጄ። ደህና ነበር እኮ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ማክሰኞ ማታ ላይ ጻፍልኝ። እናቱ ሙሸበክ ሰጠችው ብለህ ጻፍ።»

«እማ፣ ምን ያደርጋል?»

«ያንተ ሁሉ ተጽፏል። የእኔም ይጻፍ።»

እስክሪብቶውን ከኪሴ ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። ጻፍኩት። በጣቷ ነካችውና «ይሄ ነው?» አለች። «አዎ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወጣች።

ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ አለ። እኔ ስገባ ይቆማል።

አክስቴ፦ «እስክትረጋጋ ነው። ወንድሞቿ ጋ ቦኬ ትቀመጥ።»

አባ፦ «እስከ መቼ?»

አክስቴ፦ «አንተ ፊቷን ማየት ትችላለህ አሁን?»

አባ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከዒድ ወዲህ ከእማ ጋር ከአንድ ሳህን አልበላም። ወጥ ሲቀርብለት እያየው «ምን አለበት?» ይላታል። እሷም «ጨው ብቻ» ትለዋለች።

እማ ሲነግሯት አልተከራከረችም። ነጠላዋን ማጠፍ ጀመረች። እኔ ትምህርት ስላለኝ እዚሁ እቀራለሁ።

በአንድ ቃል መጥፋት ነው ይሄ ሁሉ። ያ ቃል ደግሞ እኔ ጋ ነው ያለው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

አባ ራሱ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ሊሄድ ሲል «እኔ እወስደዋለሁ» ብዬ ነጠቅኩት።

ሲስተር ባየች በር ዘግተው አስቀመጡኝ። ብልቃጡን ከፌስታሉ አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት። ላዩ ላይ የተከፈተበት ቀን በእኔ ጽሑፍ አለ። ከዚያ ደብተሩን ጠየቁኝ። የስኳሩን የመጨረሻ ገጽ አዩ፤ ብልቃጡን እንደገና አዩ። ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ።

«ጂብሪል» አሉ። «እንደ ደብተሩ ቢሆን እዚህ ሥሩ ላይ ትንሽ ብቻ ነበር መቅረት የነበረበት።»

ግድግዳው ላይ የእግር እንክብካቤ ሥዕል አለ። ጣቶቹን ቆጠርኩ።

«ጾሞ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ስንት ቀን?»

«ስድስት።»

«አንተ ጠዋት አልወጋኸውም። ለምን?»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ» አልኩ። እንዲህ እንደምል አላወቅኩም ነበር። «ሳይበላ እንዳትወጋው፣ ይወድቃል ብለውኛል። አንዴ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ወድቋል። ቀን ካልበላ አይወጋም ብዬ ነው።»

ሲስተር ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በኋላ «ካልተወጋ ስኳሩ ከፍ ይላል፤ ሰው ባይበላም ከፍ ይላል። ይሄንን ነግሬህ አላውቅም ማለት ነው» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «በአሥር ዓመት ልጅ እጅ መርፌ አስይዘን ሁላችንም ወደየሥራችን ሄድን።»

«እማ በሙሸበኩ ነው የሞተው ብላ ነው የምታምነው» አልኳቸው። «ቅዳሜ ወደ ቦኬ ሊልኳት ነው።»

«አንድ ሙሸበክ ልጅ አይገድልም። እኔ ልንገራት?»

ዕድሌ ነበር። እሺ ብል ኖሮ አልቆ ነበር። ግን እማ ከሲስተር አፍ ሰምታው፣ ማታ ቤት ስገባ በምን ዓይነት ዓይን እንደምታየኝ አሰብኩ። «እኔ እነግራታለሁ» አልኩ።

«መቼ?»

«ዛሬ።»

ዛሬ አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17። ማታ

ነገ ትሄዳለች። ልብሷ በር ላይ ነው። አክስቴም ነገ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሥራዋን ጨርሳለች።

ናስር፣ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ለማን እንደምነግረው ስለጠፋኝ ለአንተው ልንገርህ።

የመድረሳ ልጆች «የዱቤ ጾመኛ» ይሉህ ነበር። አድገህ ነው የምትከፍለው ይሉሃል። እየሳቅክ ነው የነገርከኝ፤ ማታ ግን ፍራሽህ ላይ ጀርባህን ሰጠኸኝ።

«አንድ ቀን ብቻ» አልከኝ።

«አይሆንም። ለታመመ ግዴታ አይደለም፣ ሼሁም እማም ነግረውሃል።»

«አንተን ማን ከለከለህ?»

«እኔ ጤነኛ ነኝ።»

«እኔስ ምንድነኝ?»

ሁለት ማታ እምቢ አልኩህ። በሦስተኛው እሺ አልኩህ። ሰው ቢጠይቀኝ አዘንኩለት እላለሁ፤ አዝኜልህም ነበር። ግን እሺ ከማለቴ በፊት ሌላ ነገር አስቤያለሁ፦ ከጾመ ስድስት ሰዓት ላይ ማብላት የለም። መሮጥ የለም። ይሄንን አስቤ ነው እሺ ያልኩህ። አንዱ ቀንም ስድስት ሆነ።

እማ ጠዋት ወደ ገበያ ስትወጣ በር ላይ ሆና «ተወጋ?» ትላለች። «ተወግቷል» እላለሁ። አንተ ከብርድ ልብሱ ሥር ትስቃለህ። የሸፈነችልህን ምግብ ለኩብራ ፍየሎች እንሰጣለን። መለኪያውን አልነካሁትም፤ ቁጥሩን ከራሴ ነበር የምጽፈው። እንዲያምኑኝ በየቀኑ ትንሽ እለዋውጠው ነበር።

ማታ ማታ መርፌህን ሰጥቼሃለሁ። ያቺ ትንሿ የማታ መጠን ትበቃለች ብዬ።

በአራተኛው ቀን «ምላሴ እንጨት ሆነ» አልከኝ። «ጾም ማለት ይኸው ነው» አልኩህ። ሁላችንም ተጠምተን ነበር፤ የማን ጥም ከማን ይለያል? ስናፈጥር ጆጉን ብቻህን ስትጨርሰው እማ «ይሄ ልጅ ደግሞ እንደ ጾመኛ ይጠጣል!» ብላ ሳቀች። አንተ በእግርህ ከሥር ነካኸኝ። እንዳልስቅ ጉንጬን ነከስኩ።

በስድስተኛው ማታ ከስተህ ነበር፣ ትንፋሽህም እንደ በሰበሰ ሙዝ ይሸታል። እማን ሙሸበክ ስጪኝ ብለህ ለመንክ። ረቡዕ ጠዋት ስታስታውክ ወጋሁህ። ሃያውን ሁሉ። እጄ እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ ነበር፣ አንተ ግን ቀዘቀዘኝ አላልክም።

ሐኪም ቤትም ሲጠይቁኝ «በየቀኑ ወግቼዋለሁ» አልኩ። ደብተሩን አሳየኋቸው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

መናኸሪያ ሸኘኋት። ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አስቀምጬ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። አባ ሹፌሩን ያናግራል።

«እማ።»

«አቤት።»

«አንድ ነገር...»

«አትቅረብኝ ልጄ፣ አልቅሼ ሰው አልሰብስብ» አለች። ከዚያ እጇን አውጥታ ጉንጬን ያዘችኝ፤ ያኔ ያበጠውን በኩል። «ጥርስህ ተሻለህ?»

ባለፈው ዓመት ነው እኮ ያመመኝ። ታውቅ ነበር።

መኪናው ሄደ። አባ ከቀትር በኋላ ጫት ከሚጭነው መኪና ጋር ወደ ሚኤሶ ወረደ። «ሦስት ቀን ነው። አንተ ትልቅ ሰው ነህ» ብሎኛል።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ። እስኪሞላ እየጠበቅን ነው።

ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ስነሳ የዛሬው ጠዋት የመጀመሪያዬ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ፤ ማንም አልቀሰቀሰኝም። ውኃ በጣሳ ቀድቼ ማሰሮው ጋ ሄድኩ። ብልቃጡ የለም፣ አሸዋው ብቻ ነው። ጣሳውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ውኃውን ራሴ ጠጣሁት። ማሰሮውን ወደ ጓሮ አውጥቼ አሸዋውን ደፋሁ። ሥሩ አሁንም እርጥብ ነበር።

ፍራሽህን አነሳሁና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ክፍሉ ሰፋ፤ አልወደድኩትም።

ደብተሩን ከፊት ገለጥኩ። ከሐሙስ መጋቢት 4 እስከ ማክሰኞ መጋቢት 9፣ የጠዋቱን ስኳርና የጠዋቱን መርፌ በአንድ በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ከጎናቸው «አልተለካም፣ አልተወጋም» ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ጊዜ። የድሮዎቹ ቁጥሮች ከመስመሩ ሥር ይታያሉ፤ ይታዩ። እማ ያስጻፈችኝን አልሰረዝኩም። እውነት ነው፣ ሰጥታሃለች። ከስድስቱ በታች ነው ያለው፣ በቦታው።

ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሐሙስ፣ መጋቢት 4። ጠዋት አልተወጋም። ዓርብ...» ዓርብ ላይ ድምፄ ጠፋ። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። እንደገና ከሐሙስ ጀመርኩ፤ እሑድ ላይ ቆምኩ። በሦስተኛው እስከ ሙሸበኩ ድረስ ሳልቆም ደረስኩ። ድምፄ ያስጠላ ነበር፣ ግን ይሰማል።

ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለኩብራ ሰጠሁ። «የት ነው ብለው ቢጠይቁስ?» አለችኝ። «እናቱ ጋ ነው በያቸው» አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ደብተሩን ሰጥቼ፣ ወደ ውጭ ወጥቼ፣ እስኪያነብ አጥር ጥግ እደበቅ ነበር። እማ ማንበብ አትችልም። ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ አነብላታለሁ። ስጨርስ አልሐምዱሊላህ ትል እንደሆነ፣ ዓይኗን ስትገልጥ ልጅ ይኑራት አይኑራት፣ አላውቅም።

ረዳቱ «ቦኬ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የጎደለው!» እያለ ጣራውን ይደበድባል። አንዲት ሴት ሽንኩርቷን ተሸክማ እየሮጠች ነው። ልጠጋላት።

ሞላን።